አስሩን ቀንስ

ሆዷ እንደገና ደነደነ። መጋረጃ ሰፊዋ መቀሱን ጨርቁ ላይ ትታ የመቁረጫ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨበጠችና ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ላከች። ከማለዳ ጀምሮ ይኼ አምስተኛው ነው። የመጀመሪያውን ቁርስ አለመብላቷ ላይ አሳበበችው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ትናንት ቀኑን ሙሉ ስፌት ላይ አጎንብሳ መዋሏ ላይ። አራተኛውን ልጁ ሲገላበጥ ነው ብላ አለፈችው። ለአምስተኛው ግን ሰበብ አለቀባት።

«ዛሬ አይሆንም» አለችው ሆዷን ቀስ ብላ፣ ጎረቤት እንዳይሰማት። «አራት ሳምንት ብቻ ታገሰኝ። ከዚያ ወዲያ እንዳሻህ።»

መቼም ወሯ የገባ ሴት ቶሎ በገላገለኝ እያለች ስትለምን ነው የምናውቀው። ይቺኛዋ ግን «ቆይልኝ» እያለች ነበር። ወዳ አይደለም። ምክንያቷ ሽርጧ ኪስ ውስጥ አራት ታጥፎ ተቀምጧል፤ ከአምስት ቀን በፊት ከባሏ የመጣ ደብዳቤ ነው።

ባሏ ቀያሽ ነው። የሁለት ቀን መንገድ ርቆ በረሃ ውስጥ ለሚሠራ መንገድ መሬት ይለካል፣ ችካል ያስተክላል። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ የሚገናኙት የፕሮጀክቱ ሾፌር ዕቃ ሊጭን ሲመላለስ በሚያደርሰው ደብዳቤ ነው። በሁለት ወር ከምናምን አንዴ የአሥር ቀን ፈቃድ ይሰጡታል። ልጁም የአንደኛው ፈቃድ ልጅ ነው። ይኼን እሷ ታውቃለች፤ ሌላ ቀን የለም፣ ሌላ ሰውም የለም። ባለፈው ሲመጣ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጥፎ «ይኼ ልጅ መዶሻ ይዞ ነው እንዴ የገባው?» እያለ ሲስቅ ነበር የሄደው። ከዚያ እሷ በክሊኒኩ ካርድ ላይ ያየችውን ደስ ብሏት ጻፈችለት፤ «ዛሬ ሠላሳ አምስት ሳምንት ሞላን» ብላ። መልሱ ይኼ ሆኖ መጣ፦

«ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሠላሳ አምስት ሳምንት ሞላን ብለሽኛል። ቆጠርኩት። እንደገና ቆጠርኩት። ሠላሳ አምስት ሳምንት ወደ ኋላ ስሄድ እኔ እዚሁ ድንኳን ውስጥ ነኝ። ቤት የመጣሁት ከዚያ ሁለት ሳምንት ዘግይቼ ነው። የተሳሳትኩት ካለ ንገሪኝ። ከሌለም ንገሪኝ።»

ከሥሩ ፊርማው ብቻ። ከሁሉ ይልቅ አንጀቷን የቆረጠው ከፊርማው በላይ የጎደለው መስመር ነው። ያቺን መስመር ለማወቅ ግን የተገናኙበትን ቀን ማወቅ ያስፈልጋል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ የቀያሹ እናት ባለ ፎቅ ቤታቸውን አሳድሰው ለአሥራ አንድ መስኮት መጋረጃ ፈለጉ። ሴትዮዋ የግንባታ ዕቃ መደብር ያላቸው፣ አንድ ቃል ከተናገሩ ሠራተኛው ሁሉ ቀጥ የሚልላቸው ናቸው። ሰፊዋ ልትለካ ሄደች። የሷ ሜትር ደግሞ ጉደኛ ሜትር ነው፤ የመጀመሪያውን አሥር ሴንቲ ካውያ በልቶት ከአሥር ነው የሚጀምረው። አዲስ መግዛት አቅቷት አይደለም፣ እጇ ለምዶት እንጂ። ፈቃድ ላይ የነበረው ልጃቸው ሥራ ፈትቶ ሲንጎራደድ አየችውና «ወንድም፣ እባክህ ይቺን ጫፍ ያዝልኝ» አለችው። ያዘ። አንብቦም «ሁለት መቶ ስልሳ» ብሎ ጻፈ።

«አስሩን ቀንስ» አለችው።

«የቱን አስር?»

«ካውያ የበላውን። ሜትሬ ከአሥር ነው የሚጀምረው።»

ተራራ የሚለካው ሰውዬ ጆሮው ድረስ ቀላ። እስከ አምስተኛው መስኮት ድረስ አስሩን እየቀነሰ ጻፈ፤ ከአምስተኛው በኋላ ግን ቁጥሩን ትቶ እሷን ነበር የሚያየው፣ ስድስተኛው መጋረጃ እስከ ዛሬ በአሥር ሴንቲ ረጅም ነው። እናቱ ነገሩን ሲሰሙ «መጋረጃ እንድትሰቅል ጠራኋት እንጂ ልጄ አንገት ላይ እንድትንጠለጠል አልጠራኋትም» አሉ። ሠርጉ ላይ መጡ፣ ቁጭ አሉ፣ ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው ሲያወሩ «ልጅቷ» እንጂ «ምራቴ» ብለዋት አያውቁም። እሱ ግን ከበረሃ በሚልካቸው ደብዳቤዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ «አስሩን አልረሳሁም» ብሎ ይጽፍ ነበር። ሌላ ሰው ቢያነበው ምንም አይገባውም። እሷ ግን ያቺን መስመር ለማየት ስትል ደብዳቤውን ከታች ወደ ላይ ነበር የምታነበው።

በዚህኛው ደብዳቤ ላይ ያቺ መስመር አልነበረችም።

አምስት ቀን ሙሉ ጠመኔ ይዛ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስትቆጥር ሰነበተች። ካርዱ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ሳምንት ይላል። እሱ ከመጣ ሠላሳ ስድስት ነው። አጥፍታ ብትቆጥርም ሠላሳ ስድስት። ራሷን ታውቃለች፤ ቁጥሩ ግን የሚያውቃት አይመስልም። አንዳንዴማ «ያላወቅሁት ነገር ሆኖብኝ ይሆን?» እስከ ማለት ደርሳ በራሷ ትደነግጣለች። ክሊኒክ ሄዳ እንዳትጠይቅ ምን ብላ ትጠይቅ? «የልጄን አባት አረጋግጡልኝ» ይባላል? ቀኑም ቢሆን እንደ ነጋሪው ነው። ካርዱ የመውለጃዋን ቀን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ይላል። የአልትራሳውንዱ ባለሙያ ሦስት ሳምንት ብሏታል። አማቷ ባለፈው ሰንበት አይተዋት «ሆድሽ ወርዷል፣ ዛሬ ነገ ነሽ» ብለው ሄደዋል። እሷ የያዘችው ደግሞ የራሷን፣ ከሦስቱም የተለየ አራተኛ ቀን ነው፤ ሙሉ ልጅ አርባ ሳምንት ነው ስለተባለች፣ አርባውን ባሏ ከመጣበት ቀን ጀምራ ቆጥራ ከአራት ሳምንት በኋላ ያለች አንዲት ማክሰኞ ላይ አርፋለች። ልጁ ለዚያች ማክሰኞ ከቆየላት ማንም አፉን አይከፍትም። ዛሬ ከመጣ ግን፣ ያውም ወፍራም ጤነኛ ሆኖ ከመጣ፣ አለቀላት። የገዛ ልጇን ወፍራምነት የምትፈራ እናት ሆና ቁጭ አለች።

ስድስተኛው መጣ። ሰዓቱን አየች፤ ከአምስተኛው አሥራ ሁለት ደቂቃ። አዋላጇ ባለፈው ስትነግራት «ስትንቀሳቀሺ ወይ ስታርፊ የሚተውሽ ከሆነ የውሸት ምጥ ነው። እየተቀራረበና እየበረታ ከሄደ ግን አትጠብቂ፣ ነይ» ብላታለች። ስለዚህ ተንቀሳቀሰች። ከማሽኑ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ማሽኑ። አልተዋትም። ተቀመጠች። አልተዋትም። ጠዋት የውስጥ ልብሷ ላይ ያየችውን ደም የነካካው ዝልግልግ ነገርም «እንዲህም ይሆናል» ብላ ነበር ያጠበችው።

በዚህ መሃል የሱቁ በር ተከፈተና አማቷ ገቡ።

«የእንግዳ ክፍሉ መጋረጃ ደርሷል?» አሉ፣ ሰላምታቸው ይኼው ነው።

«ጠርዙ ብቻ ነው የቀረው እማማ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። ፊቷን፣ ከዚያ ሆዷን፣ ከዚያ ጠረጴዛውን የጨበጠ እጇን አዩ። «ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ላብሽ እየተንጠባጠበ ነው።»

«ካውያው ነው። ሙቀቱ።»

ካውያው አልተሰካም ነበር። ሴትዮዋም አይተዋል። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከሰፊዋ እግር ሥር የሆነ ነገር ፈሰሰ፤ ለብ ያለ ውሃ፣ በቀሚሷ ወርዶ መሬት የተዘረጋውን የእንግዳ ክፍል መጋረጃ አራሰው።

«ሽንቴ ነው» አለች ቶሎ ብላ። «መጋረጃዎትን... ወዲያው አጥበዋለሁ።»

«መጋረጃው ገደል ይግባ! የእንሽርት ውሃሽ ነው የፈሰሰው። ተነሺ፣ መኪናው ደጅ ነው።»

«አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም እማማ። ገና ነው። ቀኑ አልደረሰም» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። ሴትዮዋ ግን መከራከር አያውቁም፤ የክሊኒክ ካርዷን ከተሰካበት የግድግዳ መስታወት ላይ ነቅለው፣ ብብቷ ሥር ገብተው እየደገፉ አወጧት። መኪናውን ሲነዱ መሪውን አንቀው ነው የሚይዙት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሌላ ሕመም መጥቶ ሲያልፍ ሰፊዋ ያመቀችው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ።

«እርስዎ ነዎት ለልጅዎ የነገሩት» አለች።

«ምኑን ነው የነገርኩት?»

ደብዳቤውን አውጥታ ጭናቸው ላይ ጣለችው። ሴትዮዋ መኪናውን ጥግ አቆሙና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ፊታቸው ላይ የመጣውን ሰፊዋ መለየት አቃታት፤ ቁጣ ይሁን ሐፍረት፣ ወይስ «ድሮም ብዬ ነበር» የሚል ነገር። ጣቶቻቸው መሪው ላይ አንድ በአንድ ሲነሡ ሲወርዱ ግን አየች። እየቆጠሩ ነበር።

«እኔ አልነገርኩትም» አሉ በመጨረሻ፣ ደብዳቤውን አጥፈው እየመለሱላት። «እኔ የምጠላውን ሰው ፊት ለፊት ነው የምጠላው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ልጁ የማን ነው ብዬም አልጠይቅሽም። መጀመሪያ በሰላም ተገላገይ።»

ክፉ ይሁን ደግ አልገባትም። ከዚህ በኋላ እስከ ክሊኒኩ አልተነጋገሩም፤ ሆድ የባሰው ሰው የመኪና መስኮት ላይ ግንባሩን እንደሚያሳርፍ እሷም አሳርፋ ሄደች።

አዋላጇ ቀጠን ያለች፣ እጇ ፈጣን፣ አነጋገሯ ግን የማይቸኩል ሴት ናት። አልጋው ላይ አስተኝታ የልጁን ልብ አዳመጠች፣ ከዚያ ከነጩ ጋወን ኪሷ ሜትር አውጥታ ሆዷን ለካች። ሰፊዋ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ዓይኗ ሜትሩ ላይ አረፈ። ጫፉ ሙሉ ነው።

«የናንተ ከዜሮ ነው የሚጀምረው» አለች፣ ለምን እንዳለችው ሳታውቅ።

«ሜትሩ አዎ» አለች አዋላጇ እየጻፈች። «ሳምንቱ ነው እንጂ ከዜሮ የማይጀምረው። ሠላሳ ስምንት ነሽ፣ ውሃሽ ፈሷል፣ አራት ሴንቲ ተከፍቷል። ዛሬ ትወልጃለሽ። ልጁ ደርሷል፣ አትፍሪ።»

«ምን ማለት ነው ከዜሮ አይጀምርም ማለት?»

«ካርዱ ላይ ያለው ሳምንት የሚቆጠረው ልጁ ከተፀነሰበት ቀን አይደለማ። ያን ቀን ማን በትክክል ያውቀዋል? የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ነው የሚቆጠረው። ፅንሱ የሚመጣው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። አልነገርንሽም እንዴ?»

ሰፊዋ በክርኗ ተነሣች። «ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት...»

«ልጅ የለባቸውም። ግን ይቆጠራሉ። የመውለጃው ቀንም ቢሆን ግምት ነው የኔ እህት፣ ከዚህም ከዚያም ይሄዳል። ለዚህ ነው ሁሉም ሌላ ሌላ ቀን የሚነግርሽ።»

ሠላሳ ስምንት። ሁለቱን ቀንሰሽ ሠላሳ ስድስት። ባሏ በሩን ከፍቶ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ያቀፋት ሳምንት። ሰፊዋ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ ለቅሶው መሃል ላይ ሕመም መጣና ሁለቱንም ዋጣቸው። ሲለቃት አማቷን በሩ ሥር ቆመው አየቻቸው። ሁሉን ሰምተዋል።

«እኔም መኪናው ውስጥ ቆጥሬ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። «በጣቴ። አይተሽኛል።»

«አይቼዎታለሁ።»

«እንግዲህ በኔም እዘኚብኝ» አሉ፤ ሻርፓቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላትና «ልጄ» ብለው ጨመሩበት። ቃሏ ሳያስቡት ነው ያመለጠቻቸው፤ መልሰው አልሰበሰቧትም።

ይኼኔ ነው ኮሪደሩ ላይ የከባድ ጫማ ድምፅ የተሰማው።

ቀያሹ በሩ ላይ ቆመ። ከፀጉሩ እስከ ጫማው አቧራ ብቻ ነው፤ ዓይኖቹ እንቅልፍ በማጣት ቀልተዋል። ሱቁን ዝግ አግኝቶ፣ ጎረቤት ነግሮት መሮጡ ነው። እናቱ አንድ ነገር ሊሉት ፈለጉና ምራታቸውን አይተው ዋጡት። አዋላጇን በክንዷ ይዘው ወጡ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«መጣሁ» አለ።

«ደብዳቤው አነሰና?»

«ሾፌሩን ምን አለችህ አልኩት። ምንም አላለችም፣ አንብባ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ሳልሰናበታት ወጣሁ አለኝ። ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም።» ወደ አልጋው አንድ እርምጃ ቀረበና ቆመ። «መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ። ሁለት ቀን። ከዚያ ወሰንኩ። ቁጥሩ ያሻውን ይበል። ልጁ በኔ ስም ይጠራል። አንቺን ግን ብቻሽን አልተውሽም። ያለፈው አለፈ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።»

ከዚያን ቀን ሕመሞች ሁሉ ይቺ ባሰች። ክዳኛለች ብሎ እያመነ፣ ልቡ እየደማ፣ የሁለት ቀን መንገድ አቆራርጦ ስሙን ሊሰጥ የመጣ ሰው ነው፤ ይኼን የሚያህል ፍቅር ከየት ይገኛል? ግን ደግሞ አምኗል። ክዳኛለች ብሎ አምኗል። ልታቅፈው ይሁን ልታባርረው ግራ ገባት፤ እጆቿ ሁለቱንም ፈልገው ሁለቱንም ሳያደርጉ አንሶላው ላይ ቀሩ።

«ምኑን ነው ይቅር ያልከኝ?» አለችው።

የእጅጌውን አቧራ አራገፈ።

«ሜትሬን ታውቀዋለህ አይደል?»

«ምን?»

«ሜትሬን። ከስንት ነው የሚጀምረው?»

«ከአሥር» አለ ግራ ተጋብቶ። «አሁን ይኼ ምን...»

«ሁለት መቶ ስልሳ ካነበብክ መስኮቱ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ አምሳ።»

«የሐኪሞቹም ሳምንት እንደዚያው ነው። ልጁ ሳይኖር ከሁለት ሳምንት በፊት ነው የሚጀምሩት። ከወር አበባዬ። እኔም አላወቅሁም ነበር፤ እዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ነው የሰማሁት። አምስት ቀን ሙሉ በገዛ ራሴ ላይ ስጠራጠር ከርሜ ነው የሰማሁት። ዛሬ ሠላሳ ስምንት ነኝ። እስቲ ቀንሰህ ንገረኝ፣ ያኔ የት ነበርክ?»

ከንፈሮቹ ተንቀሳቀሱ። እጁ የደረት ኪሱ ውስጥ ወዳለችው የመስክ ደብተሩ ሄደ፤ ሳይከፍታት ተመለሰ። አላስፈለገውም።

«ቤት» አለ። «ቤት ነበርኩ። በመጣሁበት ሳምንት...»

«አስሩን ረሳህ» አለችው።

አልጋው ጠርዝ ሥር ተንበረከከ። ግንባሩን አንሶላው ላይ ደፋ። እንደ ልቧ አንጀቷ አልራራም፤ እንደ አንጀቷም ልቧ አልጨከነም። ሁሉም ነገር ተደበላልቆባታል።

«አንቺ ይቅር በይኝ» አለ አንሶላው ውስጥ።

«እንጃ» አለችው፣ እውነቷን ነው። «ዛሬ አትጠይቀኝ። ዛሬ የማውቀው ነገር የለም።»

ከዚያ መጣ፤ ከቀደሙት ሁሉ የከፋው። ወገቧን ከሁለት የሚከፍላት መሰላትና እጇን ሳታስበው ዘረጋች። «ያዝ» አለችው፣ ልክ እንደዚያን ቀን፣ መስኮቱ ሥር። ያዘ። አዋላጇ ድምፅዋን ሰምታ ገባች፤ ጓንቷን እየሳበች «በአፍንጫ አስገቢ፣ በአፍ ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ እስከ አሥር እየተቆጠረ» አለች። ቀያሹ እንባውን በትከሻው ጠረገና የሚያግዝ መስሎት ጀመረ፤

«አንድ... ሁለት...»

«አንተ አትቁጠር» አለችው ጥርሷን ነክሳ። «ዝም ብለህ ያዘኝ።»

ዝም ብሎ ያዛት። ይቅር ብላው ይሁን ሕመሙ አስገድዷት እሷም አላወቀችም፤ ሕመሙ አልፎ ትንፋሿ ሲመለስ ግን እጁን አለቀቀችም።